«ለሰው ያልበቃውን ለውሻ ትገዣለሽ?»

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ጉዳይ ለብዙ ሰው ቅንጦት መስሎ ሊታይ እንደሚችል ስለማውቅ ለመላክ ብዙ አመንትቻለሁ። የ31 ዓመት ሴት ስሆን ከእናቴ ጋር አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ እኖራለሁ። በግቢያችን ስምንት ዓመት ያህል የኖረ ቡቺ የሚባል የአበሻ ውሻ አለን። ባለፈው ዓመት ሌባ አጥራችንን ዘሎ ስለገባ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ገንዘብ ልኮ የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ አስገዛኝ። ስሙ ሬክስ ነው፤ አሁን አራተኛ ወሩን ይዟል።

ችግሩ የመጣው በምግቡ ነው። ወንድሜ በየወሩ ከሚልክልን ላይ የተወሰነውን «ይህ የሬክስ ነው» ብሎ ይለያል፤ ከውጭ የሚመጣውን ደረቅ ምግብ እንድገዛለት፣ እህል የሌለበት መሆኑንም እንዳረጋግጥ አጥብቆ ይነግረኛል። እናቴ ደግሞ የመጀመሪያውን ከረጢት ይዤ የገባሁ ዕለት «ቡቺ በፍርፋሪ አይደለም ወይ ያደገው? ለሰው ያልበቃውን ለውሻ ትገዣለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አትናገርም፤ ከረጢቱን ባየች ቁጥር ግን ፊቷ ይለወጣል። የደም ግፊት መድኃኒቷ ሳይቀር በተወደደበት ጊዜ እውነቷን ነው እያልኩ እሳቀቃለሁ፤ ጎረቤት እንዳያየኝ ከረጢቱን በነጠላ ሸፍኜ ያስገባሁበት ቀንም አለ።

ሁለቱንም ላለማስቀየም ስል ባለፉት ሳምንታት ከሱቅ በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጠውን ገዝቼ ከእንጀራና ከወጥ ጋር እየቀላቀልኩ ሰጠሁት። በጾም ቀን ቤታችን ከሽሮና ከምስር በቀር አይሠራም፤ እናቴ በጾም ድስት ሥጋ እንዲነካ አትፈልግም። ሰሞኑን የሬክስ ሆድ ይነፋል፣ ሰገራው ቀጥኗል፣ የፊት እግሮቹም ወደ ውጭ የተንጋደዱ መሰለኝ። የሸጠልኝ ሰው «ካልሲየም አንሶት ነው» ብሎ ኪኒን አስገዛኝ፤ ፈርቼ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጥሩ ምግብ የሚባለው የትኛው ነው? ቡቺ በፍርፋሪ እየኖረ ሬክስን ከከረጢት መመገብስ ግፍ አይሆንብኝም?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ኪኒኑ ቁም ሳጥኑ ላይ እንዲቆይ እለምንሻለሁ፤ ሬክስንም ይህ ሳምንት ሳያልፍ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጂው። ይህን የምልሽ ላስደነግጥሽ ብዬ አይደለም። የቡችላ እግር ሲንጋደድ ምክንያቱ ከሁለት ፈጽሞ ተቃራኒ ከሆኑ አቅጣጫዎች ሊመጣ ይችላል። እንጀራ፣ ዳቦና አጥንት የሌለው ሥጋ ፎስፈረስ አላቸው፣ ካልሲየማቸው ግን ለሚያድግ ውሻ እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በእነርሱ ብቻ የሚያድግ ቡችላ ደሙ የሚፈልገውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቱ እየቀነሰ ይወስዳል፣ አጥንቱም ይሳሳል፣ ይጎብጣል፣ ሲብስም በትንሽ ዝላይ ይሰበራል። በሌላ በኩል ትልቅ የሚሆን ዝርያ ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከምግቡ የሚገባውን ትርፍ ካልሲየም በሚገባ ማገድ አይችልም፤ የተሟላ ምግብ እየበላ ኪኒን ሲታከልበት አጥንቱና መገጣጠሚያው በተዛባ መንገድ ያድጋሉ። ሬክስ ግማሽ ከረጢት፣ ግማሽ እንጀራ ስለሚበላ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አንቺም ሆንሽ እኔ ከሩቅ ልንፈርድ አንችልም፤ ሐኪሙ እግሩን ዳስሶ፣ ካስፈለገም ራጅ አስነሥቶ ይነግርሻል። ምናልባትም ምንም ላይሆን ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ እግራቸው ከሰውነታቸው ቀድሞ የሚረዝምባቸው፣ ለጊዜው የተንጋደዱ የሚመስሉ ቡችሎች አሉ።

ስለ ሆዱም እዚያው ጠይቂ። ቡችሎች ብዙውን ጊዜ የሆድ ትል ይዘው ይወለዳሉ ወይም ከእናታቸው ጡት ይወስዱታል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ በየወሩ እንዲሰጥ ይመከራል። ሬክስ አንቺ ቤት ከገባ ወዲህ ስንት ጊዜ ወስዷል? ካልወሰደ፣ የምትሰጪውን ምግብ አብረውት የሚበሉ ትሎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ካሉ የቱንም ያህል ጥሩ ነገር ብትገዥ ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ ይከሳል። ትኩስ ሰገራ በንጹሕ ዕቃ ይዘሽ ብትሄጂ ምርመራው ይቀልላል።

አሁን ወደ እናትሽ ልመለስ፤ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ከምግቡ ይልቅ የከበደሽ የእርሳቸው ዝምታ እንደሆነ ተሰምቶኛልና። እናትሽ የዚያን ዕለት የተናገሩት ስለ ውሻ ብቻ ይመስልሻል? ባሕር ማዶ ያለ ልጃቸው ከሚልከው ላይ «ይህ የሬክስ ነው» ተብሎ ሲለይ፣ «ይህ የእማዬ መድኃኒት ነው» ተብሎ የተለየ ነገር አለ? ከሌለ፣ ያንን ከረጢት ባዩ ቁጥር የሚያዩት የእንስሳ ምግብ ላይሆን ይችላል። ወንድምሽ ይህን በክፋት እንዳላደረገው ግልጽ ነው፤ ሩቅ ሆኖ ስለ ደኅንነታችሁ ይሰጋል፣ ውሻውንም ያስገዛው ለእናቱ ብሎ ነው። ነገር ግን እርሱ በሚኖርበት አገር የውሻ ምግብ በየሱፐርማርኬቱ የሚገዛ ተራ ዕቃ ሲሆን፣ በእናንተ ሰፈር በነጠላ ተሸፍኖ የሚገባ ነገር መሆኑን ነግረሽው ታውቂያለሽ? እኔ ብሆን ስልክ ደውዬ «ከአሁን በኋላ በመጀመሪያ የእማዬን መድኃኒት ለይተህ ላክ፣ ለእርሷም ራስህ ንገራት፤ የሬክስን ከቀሪው እኔ አብቃቅቼ እይዛለሁ» እለዋለሁ። ይህ ንግግር ከአንቺ ይልቅ ከእርሱ አፍ ሲወጣ የበለጠ ክብደት ይኖረዋል፤ አንቺንም በሁለቱ መካከል ከመቆም ያሳርፍሻል።

በእናትሽ ክርክር ውስጥ ያለውን እውነትም እንቀበል። ቡቺ በፍርፋሪ አድጓል፤ ስምንት ዓመትም ግቢውን ጠብቋል። የአበሻ ውሻ ግን ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ሬክስ ወንድ የጀርመን ሼፐርድ እንደመሆኑ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህን ሁሉ አጥንትና ጡንቻ የሚገነባው በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ የጎደለበት በኋላ አይካካስም። በዚያ ላይ በፍርፋሪ አድጎ የጸናውን ቡቺን እናየዋለን እንጂ፣ አብረውት ተወልደው በቡችላነታቸው የቀሩትን ማን ያስታውሳቸዋል? ለእናትሽ ስታስረጂ «ሬክስ ከቡቺ ይበልጣል» የሚል እንዳይመስል አድርገሽ፣ «ይህኛው ገና እየተሠራ ነው፣ ያኛው ተሠርቶ አልቋል» በሚለው መንገድ ብትነግሪያቸው የሚረዱሽ ይመስለኛል። ልጆች ያሳደጉ እናት ይህን ለመረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋቸውም።

ጥሩ ምግብ የትኛው ነው ላልሽው፣ ከዋጋውና ከረጢቱ ላይ ካለው የውሻ ፎቶ ይልቅ በጀርባው በኩል በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ፈልጊ። በመጀመሪያ ምግቡ «ኮምፕሊት» መባሉን ተመልከቺ፤ ይህ ማለት ውሻው ያለ ሌላ ጭማሪ በእርሱ ብቻ መኖር ይችላል ማለት ነው። «ኮምፕሊመንታሪ» የሚለው በአጻጻፍ ተመሳስሎ ያሳስታል እንጂ ትርጉሙ ለማባያ ብቻ የሚሆን ማለት ነው። ቀጥሎ ለየትኛው ዕድሜ እንደተዘጋጀ እይ፦ ለሚያድግ ቡችላ፣ ላደገ ውሻ ወይስ ለሁሉም ዕድሜ? ለሬክስ የምትፈልጊው ለዕድገት የተዘጋጀውን፣ ያውም ትልልቅ ዝርያዎችን እንደሚጨምር በግልጽ የተጻፈበትን ነው። የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር፣ በአጭሩ አፍኮ የሚባለው፣ ባወጣው መለኪያ መሠረት ውሃው ተቀንሶ ሲሰላ ለሚያድግ ቡችላ ፕሮቲኑ ቢያንስ 22.5 በመቶ፣ ላደገ ውሻ ደግሞ 18 በመቶ መሆን አለበት፤ ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች ካልሲየሙ ከ1.2 በመቶ ማነስ፣ ከ1.8 በመቶም መብለጥ የለበትም። ከአውሮፓ የሚገባው ምግብ በራሱ በአውሮፓ አምራቾች ማኅበር መመሪያ የሚዘጋጅ በመሆኑ የአፍኮን ስም ባታገኚበት አትደንግጪ፤ የተሟላ መሆኑና የታሰበለት ዕድሜ ግን እዚያም ላይ ይጻፋል።

የግብዓቶቹ ዝርዝር ብዙ ሰው የሚታለልበት ቦታ ነው። ቅደም ተከተሉ ከመብሰሉ በፊት ባለው ክብደት ስለሆነ፣ «ትኩስ ዶሮ» አንደኛ ሆኖ ብታዪ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ መሆኑን አስቢ፤ ደርቆ የተፈጨ የዶሮ ሥጋ ሦስተኛ ላይ ተቀምጦ ከእርሱ የበለጠ ፕሮቲን ሊያስገኝ ይችላል። እኔ በዝርዝሩ ብዙም አልደነቅም። ከዚያ ይልቅ አምራቹ አድራሻውን፣ የምርት መለያ ቁጥሩን፣ የኃይል መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን በግልጽ መጻፉ ስለ ጥንቃቄው የበለጠ ይነግረኛል። ቀኑን ስታነቢ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን፣ በአንዳንዱም ወሩ ከቀኑ እንደሚቀድም ልብ በይ።

ወንድምሽ ስላጠበቀው እህል ስለሌለበት ምግብ የምልሽ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ገንዘብ መጨመር አያስፈልግሽም ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ እህሉ ወጥቶ በአተር፣ በምስርና በድንች የተተካባቸውን ምግቦች የሚበሉ ውሾች ላይ ስለታየ የልብ ጡንቻ መላላት ምርመራ መጀመሩን አስታውቆ ነበር። ምግቡ በቀጥታ ምክንያት ስለመሆኑ ቁርጥ ያለ ማረጋገጫ ባይገኝም፣ ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ያለ በቂ ምክንያት ይህን ዓይነት ምግብ አይመክሩም። ውሻ ከተኩላ የተለየበት አንዱ ነገር ስታርች የመፍጨት ችሎታው ነው፤ ከሰው ጋር ሲኖር በኖረባቸው ሺህ ዓመታት ለዚህ የሚያገለግለው ዘረ መል በውስጡ ተባዝቷል። ሩዝ ወይም በቆሎ ያለበት የተሟላ ምግብ ሬክስን አይጎዳውም፤ ለወንድምሽም ይህንኑ ብትነግሪው ዋጋው ቀለል ያለውን ለመግዛት ይፈቅድልሻል።

በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጠውን ግን ብትተዪው እወዳለሁ። ዋጋው የቀለለ ይመስላል፤ ይሁንና መለያው፣ ቀኑና የምርት ቁጥሩ ከዋናው ከረጢት ጋር ሱቁ ይቀራሉ፣ የቡችላ ይሁን ያደገ ውሻ ምግብም አታውቂም። አፉ ተከፍቶ የሰነበተ ከረጢት ስቡ ይበላሻል፣ እርጥበት ካገኘውም ይሻግታል። ዋጋውን በዚህ መንገድ አስይው፦ በሬክስ ዕድሜና መጠን ያለ ቡችላ በቀን 300 ግራም አካባቢ ደረቅ ምግብ ይበላል፤ ትክክለኛውን መጠን ከረጢቱ ላይ ካለው ሠንጠረዥ እይ። በዚህ ስሌት የ15 ኪሎ ከረጢት 50 ቀን ገደማ ይቆያል። የከረጢቱን ዋጋ ለ50 አካፍይና የቀኑን ወጪ እወቂ፤ ከዚያ በኪሎ ከምትገዥው ጋር አወዳድሪ። ብዙ ጊዜ ሙሉው ከረጢት በቀን ሲሰላ ርካሽ ሆኖ ይገኛል፤ ለእናትሽም ቢሆን ከአንድ ትልቅ ቁጥር ይልቅ የቀን ወጪው ሲነገራቸው ነገሩ ይቀልላቸዋል። ምግቡን ወደ ባልዲ አትገልብጪው፤ ከነከረጢቱ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጪና የተከፈተበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፊበት።

ቡቺን በተመለከተ፣ ግፍ የሚሆነው የተለያየ ምግብ መብላታቸው አይደለም፤ ግፍ የሚሆነው ቡቺ የሚደርሰው ምን እንደሆነ ማንም ሳያስብበት ሲቀር ነው። ያደገ ውሻ በጥንቃቄ በተሠራ የቤት ምግብ መኖር ይችላል። የተቀቀለ ሩዝ ወይም ድንች፣ ከድስቱ ሲሶ የሚያህል ሥጋ፣ ጥቂት ካሮት፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ በሳምንት አንዴ ትንሽ ጉበት ለእርሱ መልካም ገበታ ነው። ሥጋው ከሥጋ ቤት የሚወጣ ቅንጥብጣቢ ቢሆን ምንም አይደለም፤ በደንብ ይብሰል፣ የበዛው ጮማም ይነሣለት። ካልሲየሙን ከእንቁላል ቅርፊት ታገኚዋለሽ፦ ቅርፊቱን አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ እንደ ዱቄት ከፈጨሽው አንድ የሻይ ማንኪያ 2 ግራም ገደማ ካልሲየም ይይዛል፣ 20 ኪሎ ለሚሆን ያደገ ውሻም በቀን ከዚያ ግማሹ ወይም ጥቂት በለጥ ያለው ይበቃዋል። ይህ ለቡቺ ብቻ ነው፤ ለሬክስ በግምት እንዳትሞክሪው። ሬክስን ለማሳየት የምትሄጂበት ሐኪም የቡቺንም ጥርስና ክብደት ቢያይልሽ፣ የቪታሚን ጭማሪ ያስፈልገው እንደሆነም ብትጠይቂው መልካም ነው፤ ስምንት ዓመት ለውሻ እርጅና የሚጀምርበት ዕድሜ ነው።

በጾም ጉዳይ ከእናትሽ ጋር መከራከር አያስፈልግሽም። የዓቢይ ጾም 55 ቀን ለአንቺና ለእናትሽ የጸሎት ጊዜ ነው፤ ለአራት ወር ቡችላ ግን ያለ በቂ ፕሮቲን የሚያልፍ ረጅም የዕድገት ዘመን ይሆናል። ከረጢቱ እዚህ ላይ ከእናትሽ ጋር ያስማማሻል፦ ምግቡ ድስት አይነካም፣ ምድጃ ላይ አይወጣም፣ ሽታውም ጓዳ አይገባም። ለቡቺ ደግሞ አንዲት አሮጌ ድስት ለይተሽ ውጭ በከሰል ብትቀቅዪለት፣ በጾም ቀንም ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ምስር ወይም ክክ ከሩዝና ከእንቁላል ጋር ብትሰጪው ይበቃዋል። ድስቷ የት ትቀመጥ፣ ማንስ ያጥባት የሚለውን እናትሽ ራሳቸው ይወስኑ፤ በቤታቸው ሥርዓት ላይ የመጨረሻው ቃል የእርሳቸው መሆኑን ሲያዩ ሌላው ሁሉ ይለሰልሳል።

ስለ ፍርፋሪ ሲነሣ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፤ ምናልባት የሬክስ ሆድ መበላሸት አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። የወጣችን መሠረት ቁሌት ነው፤ የሽሮ ዱቄታችንም አብዛኛውን ጊዜ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮበት ይፈጫል። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ መብሰሉም ሆነ መድረቁ ጉዳቱን አያጠፋውም። ጉዳቱ በዕለቱ ስለማይታይ ሰው ከምግቡ ጋር አያገናኘውም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይደክማል። «ቡቺ ስንት ዘመን በልቶት ምን ሆነ?» ቢሉሽ፣ ጥቂት በጥቂት የበላው ሳይታወቅ ሊያልፍ እንደሚችል፣ ለትንሽ ቡችላ ግን ያው መጠን ብዙ እንደሚሆን ንገሪያቸው። የሻገተ እንጀራና ዳቦም ለውሻ ይሁን ብሎ ማስቀመጥ በየቤቱ የተለመደ ነው፤ የሻጋታ መርዝ ግን የውሻን ጉበት ይጎዳል፣ አንዳንዱም ያንቀጠቅጠዋል፣ ስለዚህ ለሰው ያስጠላ ሻጋታ ለእርሱም አይሁን። ዘቢብ፣ ቸኮሌትና ስኳር የሌለው ማስቲካ ከእጁ ይራቁ። የላም ወተት ቡችላን ብዙ ጊዜ ያስቀምጠዋል፤ ጥማቱን በንጹሕ ውሃ ያርካ።

በዓል ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በግ ስታርዱ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት መሳይ ነገር ካያችሁ፣ እንደ ልማዱ ለውሻ አትወርውሩት፤ በውስጡ ያለው የትል ዘር በውሻው አንጀት ያድግና ከሰገራው ጋር በሚወጣ እንቁላል ወደ ሰው ይመለሳል፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ ከረጢት ያበጃል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ደኅናውንም ሆድ ዕቃ ቢሆን ከግማሽ ሰዓት በላይ አፍልታችሁ ስጡ። የበሰለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚወጋ ይቅርባቸው፤ የፋሲካ ማግስት ጮማም ቆሽታቸውን ሊያስቆጣ ይችላል።

የገንዘቡ ነገር አልሆን ካለ ሳትሸማቀቂ ለሐኪሙ ንገሪው። የሬክስ ዋና ምግብ ቢያንስ እስከ አንድ ዓመት፣ ከተቻለም እስከ አንድ ዓመት ተኩል፣ ለዕድገት የተዘጋጀ የተሟላ ምግብ ይሁን፤ የተቀቀለ እንቁላልና ሥጋ ከጨመርሽለት ከዕለት ምግቡ ከአሥር እጅ አንዱን አይለፍ፣ ከዚያ ካለፈ ምጥጥኑ ይፋለሳልና። ከውጭ የሚመጣውን ጨርሶ መግዛት ካልቻልሽ፣ በሚዛን የተለካ የቤት ምግብ ከነማዕድን ጭማሪው እንዲያዘጋጅልሽ ሐኪሙን ጠይቂ፤ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እንዲህ ላለው ጥያቄ ልትሞክሪው የምትችዪው ቦታ ነው። ሬክስ በአንድ ዓመት ተኩሉ ሲያድግ ደግሞ ወደ ያደገ ውሻ ምግብ ይሸጋገራል፤ የቡቺን ድስት የሚጋራበትን መንገድ ያን ጊዜ ከሐኪሙ ጋር ማየት ትችያለሽ።

ገንዘብ የሚቆጥብልሽ ሌላም ነገር አለ፤ ቡችላን ቶሎ ለማሳደግ ብሎ ማጥገብ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ፣ 48 ላብራዶሮችን ከቡችላነታቸው እስከ ሞታቸው በተከታተለ ጥናት፣ ከወንድምና እህቶቻቸው ሩብ ያህል ያነሰ የበሉት ውሾች ከሁለት ዓመት ጥቂት ባነሰ ጊዜ በልጠው ኖረዋል፣ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቷል። ልኩን በእጅሽ ታውቂዋለሽ፦ ጎኑን ስትዳብሺ የጎድን አጥንቱ መዳፍሽን ዘርግተሽ የእጅሽን ጀርባ ስትዳብሺው እንደሚሰማሽ ያህል ሊሰማሽ ይገባል፤ እንደ ጨበጥሽው ጡጫ አንጓ ከወጣ ከስቷል፣ ፈልገሽ ካጣሽው ወፍሯል። እስከ ስድስት ወሩ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ፣ በተለካ መጠን ስጪው፤ ያልበላውን ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንሺ።

እንግዲህ ነገ እንጀራውንና ወጡን ብቻ አቁሚ፤ በእጅሽ ያለውን ደረቅ ምግብ ሐኪሙን እስክታዪ ድረስ በትንሽ በትንሹ ስጪው። ዓይነቱን የምትቀይሪ ከሆነ ሰገራው ከተስተካከለ በኋላ ይሁን፤ አዲሱን ከሩብ ጀምረሽ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እየጨመርሽ ተኪው። ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ፣ ካስመለሰው ወይም መብላት ካቆመ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ለወንድምሽ ከእናትሽ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ደውዪለት። ከዚያ ሬክስን አቅፈሽ ሚዛን ላይ ውጪ፣ የራስሽን ክብደት ቀንሺና ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ጻፊው፤ በየሳምንቱ እንዲሁ አድርጊ። ክሊኒክ ስትሄጂ ያንን ወረቀት፣ የከረጢቱን የጀርባ ጽሑፍ ፎቶና ያን የካልሲየም ኪኒን ከነማሸጊያው ይዘሽ ሂጂ።